ተሳቢ የሚሠሩ ሰዎች ግን ዕቃ ጭነው ያውቃሉ?

በጎኔ ተኝቼ፣ ስልኬን ትራስ ላይ አስደግፌ ነው የምጽፈው። መቀመጥ አልቻልኩም። ወገቤ ከትናንት ማታ ጀምሮ አኩርፎኛል። ስፖርት ሠርቼ ቢሆን አያናድደኝም ነበር። እኔን ለዚህ የዳረገኝ፣ ብረት በያይዶ ጎማ የገጠመ አንድ ሰው "ዕቃው በየት በኩል ነው የሚወጣው?" ብሎ ራሱን አንድ ጊዜ እንኳ አለመጠየቁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት የናፍጣ ሞተር ያለው የውኃ ፓምፕ ልንጭን ነበር። 300 ኪሎ ገደማ ይሆናል። የተከራየነው ተሳቢ አዲስ ነው፣ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ስፖንዳው ላይ፣ ማለትም የጎን ግድግዳው ላይ፣ ክንፉን የዘረጋ ንስር ተስሎበታል። ለንስሩ ጊዜ ነበራቸው ማለት ነው። ወለሉ ግን እምብርቴ ጋ ይደርሳል፤ ከመሬት አንድ ሜትር። መወጣጫ የለው፣ ገመድ ጠቅልሎ ዕቃ የሚጎትት ዊንች የለው፣ ዕቃ የሚታሰርበት ቀለበት የለው። "መወጣጫውስ?" ስለው ሹፌሩ ከካሶኒው ሥር ሁለት ጣውላ መዘዘ። ሁለት ሁለት ሜትር የሚሆኑ፣ ዘይት የጠጡ፣ አንደኛው መሃሉ የተሰነጠቀ። "በዚህ ስንት ነገር ጭነንበታል" አለኝ፣ ቅር እንደተሰኘ ሰው።

አምስት ሆነን ገፋን። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ተብሎ ሲቆጠር፣ ሁለት ላይ ግማሹ ሰው ይጀምራል፤ ሦስት ላይ ግማሹ ደክሞ ይለቃል። እንደዚያ እያልን እኩሌታው ላይ ደርሰን ነበር። ከዚያ በግራ በኩል ያለው ጣውላ ከወለሉ ጠርዝ ሸርተት አለ፤ ፓምፑም በጎኑ ጋደለ። እኔም ጅሉ ልይዘው እጄን ሰደድኩ። 300 ኪሎ የሚወድቅ ብረት ይያዛል? አይያዝም። እጅ ግን ሳያስፈቅድ ነው የሚሄደው። ስልኩ ጠርቶ ዞር ያለ አንድ ልጅ ነበር። ፓምፑ ያረፈው ልጁ ቆሞበት በነበረው ቦታ ላይ ነው። ደዋዩን አላውቀውም፤ እድሜ ይስጠው።

ሁሉም "እንኳን ተረፋችሁ" ብሎ ለሁለተኛ ዙር ጣውላውን አነሳ። እኔ የተናደድኩት እዚህ ጋ ነው። ማንም ሰው ተሳቢውን ቀና ብሎ አላየውም። ጥፋቱ የጣውላው፣ የእኛ አገፋፍ፣ የጠዋቱ ጤዛ፣ የእድል ሆነ። ተሳቢው ንጹሕ።

እስቲ ሒሳቡን እንየው፤ ከባድ አይደለም። በሁለት ሜትር ጣውላ አንድ ሜትር ስትወጡ፣ ተዳፋቱ 30 ዲግሪ ነው። ያኔ የዕቃውን ግማሽ ክብደት ነው ወደ ላይ የምትገፉት። 300 ኪሎው ላይ 150 ኪሎ፣ ያውም ፍትጊያውን ሳንቆጥር። ወለሉ በግማሽ ቢወርድ፣ 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በዚያው ጣውላ የምትገፉት 75 ኪሎ ይሆናል። መወጣጫው ሦስት ሜትር ቢሆን ደግሞ 50 ኪሎ። 50 ኪሎ ሁለት ሰው ወሬ እያወራ ይገፋዋል! ዊንች ካለ ደግሞ አንድ ሰው እጀታ እያዞረ ይጎትተዋል፤ ሌሎቻችን ራቅ ብለን ምክር እንሰጣለን።

ጣውላውስ ለምን ሸሸ? ዕቃው በወጣ ቁጥር ጣውላውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ጣውላው ጫፉ ላይ መንጠቆ ከሌለው መሸሹ አይቀርም። የደህና ተሳቢ መወጣጫ ወለሉ ላይ በማጠፊያ የተገጠመ ነው፤ ወይም ጫፉ ላይ ጠርዙን የሚነክስ መንጠቆ አለው። የአንድ ክንድ ብረትና የአሥር ደቂቃ ብየዳ ነው። ለንስሩ ከጠፋው ቀለም ይረክሳል።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው ደግሞ ብዙ ሰው የማያየው ነው። ጎማዎቹ መሃል ላይ ያሉበት ተሳቢ ሚዛን ነው። ከባድ ዕቃ በጭራው በኩል ሲወጣ፣ ጭራው ይወርዳል፣ ከጎታቹ መኪና ጋር በሚያያዝበት በጋንቾው በኩል ያለው አፍንጫ ይነሳል። አፍንጫው ሲነሳ የጎታቹን መኪና ኋላ አብሮ ያነሳል። የእጅ ፍሬን ደግሞ በአብዛኛው መኪና ላይ የሚይዘው የኋላ ጎማን ነው። ስለዚህ ፓምፑ ጣውላው ላይ እያለ፣ ተዳፋት ላይ የቆመው መኪና ፍሬኑ ተይዞም ሊንሸራተት ይችላል። ለዚህ ነው ከጭራው ሥር የሚቆሙ ሁለት እግሮች የሚሠሩት፤ ለዚህ ነው ጎማው እንዳይንከባለል ከሥሩ ታኮ የሚደረገው። የእኛ ተሳቢ እግር የለውም። ታኮ ስጠይቅ ድንጋይ ተፈለገልኝ።

ደግሞ እኮ መፍትሔው ገና የሚፈለግ ነገር አይደለም። ተሠርቶ ያለቀ ነው። ወለሉ በሃይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት፣ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ ራሱ መወጣጫ የሚሆን ተሳቢ አለ፤ አንዳንዱ ላይ ዕቃው ከጎማው አልፎ ወደፊት ሲሄድ በክብደቱ ወለሉን ይመልሰዋል። ጎማዎቹ በየራሳቸው ክንድ የተያዙ፣ ከሥር የሚያልፍ አክስል የሌለው፣ ወለሉ ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ የሚተኛም አለ፤ እሱ ላይ ፓሌት በእጅ ጋሪ ይገባል፣ ሞተር ሳይክል ተነድቶ ይገባል። ለትልልቁ ማሽን ደግሞ ሎቤድ የሚባል ወለሉ ዝቅ ያለ ተሳቢ አለ፤ አፍንጫው ተነቅሎ ዶዘሩ ከፊት በኩል እየተነዳ የሚወጣበት ዓይነትም አለው። ፊቱ ጎታቹ መኪና ላይ የሚያርፍ መደበኛ ከፊል ተሳቢ ወለሉ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን፣ የሎቤዱ የመሃል ወለል ጉልበት አካባቢ ነው። ዶዘር፣ ሞተር ያለው፣ በራሱ የሚሄድ ነገር፣ ዝቅ ያለ ወለል ተሠርቶለታል። በሰው ወገብ የሚጫነው ፓምፕ ግን ሽቅብ ይውጣ!

አንድ ጊዜ ይህንኑ አንድ ተሳቢ ለሚሠራ ሰው አንስቼበት ነበር።

"አለቃ፣ ይሄ እኮ ጥንካሬው ሌላ ነው" አለኝ፣ ብረቱን በመዶሻ እያንኳኳ። "ሁለት እጥፍ ነው የተጠቀምኩት።"

"ጥንካሬውስ ይሁን፤ ዕቃ እንዴት ይወጣበታል?"

"ሰው ይጠራላ።"

ሰው ይጠራላ! አየህ፣ በእሱ ሒሳብ ሰው ነጻ ነው። ሃይድሮሊክ ገንዘብ ነው፣ ወገብ ግን በነጻ ነው። በዚያ ላይ ያ "ሁለት እጥፍ" ብረት ራሱ ጭነት ነው። ተሳቢው እንዲሸከም ከተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት ላይ የራሱ ብረት ይቀነሳል። ባዶውን በከበደ ቁጥር የሚጭነው ያንሳል፣ ነዳጁ ይጨምራል። ግን እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ገዢውም ሲመጣ "ስንት ቶን ይጭናል?" ይላል እንጂ "በስንት ሰው ይጫናል?" ያለ ገዢ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ወደ ትናንቱ ልመለስ። በሁለተኛው ዙር ፓምፑን አወጣነው። ደከመን። የእኔ ንዴት እጥፍ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ለመጫን የሚያስቸግር ተሳቢ ችግሩ ሲጫን አያልቅም፣ መንገድ ላይ አብሮ ይሄዳል። እንዴት በሉኝ። አምስታችንም ትንፋሽ አጥሮን፣ ፓምፑ ጭራው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠ "በቃ እዚሁ ይሁን" ተባለ። እንዲያውም አንዱ "ለማውረድም ይቀላል" አለ፤ ሌሎቹ አጨበጨቡለት ማለት ይቻላል።

አይቀልም! በኳስ ጋንቾ ለሚጎተት ተሳቢ በአሜሪካ የተለመደው ልክ፣ ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ጋንቾው ላይ እንዲያርፍ ነው። ለዚህም ከባዱ ዕቃ ከጎማዎቹ ትንሽ ወደፊት ይሆናል። ክብደቱ ጭራው ላይ ከቀረ፣ ፍጥነት ሲጨምር ተሳቢው እንደ ውሻ ጅራት ይቆላል። መጀመሪያ ትንሽ ነው፣ ነፋስ ይመስላል። ቀጥሎ መኪናውን ራሱን ይዞ ይወዛወዛል። ያኔ ፍሬን መርገጥ ያባብሰዋል፤ "ነዳጅ ሰጥቼ አመልጠዋለሁ" ማለት ደግሞ የባሰ ነው። ነዳጅ ለቅቆ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ፍጥነቱ በራሱ እስኪወርድ መታገስ ነው ያለው። መጀመሪያውኑ ግን ፓምፑ አንድ ሜትር ወደፊት ቢገፋ ይህ ሁሉ የለም። ማን ይግፋው? ሁሉም ጉልበቱን ጣውላው ላይ ጨርሷል።

ማሰሩም እንደዚያው። ገመድ መጣ። ከአራት ቦታ ተቋጥሮ የተቀጠለ ገመድ። ቋጠሮ የገመድን አቅም በጣም ነው የሚቀንሰው፤ እስከ ግማሽ የሚያጠፋበት ጊዜ አለ። ወለሉ ላይ ቀለበት ስለሌለ ስፖንዳው ላይ ታሰረ፤ ያ የስፖንዳ ጠርዝ ደግሞ እንደ ቢላ ነው። በማጥበቂያ የሚወጠር ቀበቶ ይኖር ይሆን ብዬ ጠየቅሁ። ከዚያ ያንን የምጠላውን ዓረፍተ ነገር ሰማሁት፦

"ይሄ እኮ ከባድ ነው፣ አይንቀሳቀስም።"

ወንድሜ፣ ከባድ መሆኑ አይጠቅምም! ዕቃው በከበደ ቁጥር ወለሉን ቆንጥጦ የሚይዝበት ፍትጊያ ይጨምራል፣ እውነት ነው። ፍሬን ሲያዝ ወደፊት የሚገፋው ኃይልም በዚያው ልክ ይጨምራል። ስለዚህ ክብደቱ ከሁለቱም ወገን ይጣፋል። የሚቀረው ወለሉና ዕቃው ምን ያህል ይነካከሳሉ የሚለው ነው። የአውሮፓም የአሜሪካም የጭነት አስተሳሰር ደንቦች፣ ጭነት ወደፊት በክብደቱ 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ በ50 በመቶ ኃይል ሲገፋ ሳይነቃነቅ እንዲቆይ ይላሉ። የእኛ 300 ኪሎ ፓምፕ ወደፊት 240 ኪሎ ይገፋል ማለት ነው። ብረት በብረት ላይ፣ ፍትጊያው ከክብደቱ 20 በመቶ ቢሆን፣ የሚይዘው 60 ኪሎ ነው። ቀሪው 180 ኪሎ የማን ነው? የዚያ ባለ ቋጠሮ ገመድ ነው። ከሥሩ የጎማ ምንጣፍ ቢነጠፍ ግን ፍትጊያው ወደ 60 በመቶ ይወጣል፤ ገመዱ የሚጠበቅበት 60 ኪሎ ብቻ ይሆናል። ምንጣፍ ነው የምላችሁ። የአሮጌ ጎማ ቁራጭ።

እንዲህ በጭነት ተናድዶ የቀረ ብቻ አይደለም ያለው፤ ተናድዶ ዓለምን ያገላበጠም አለ። ማልኮም ማክሊን የሚባል አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለቤት፣ ኋላ ራሱ እንዳወራው፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ኒው ጀርሲ ውስጥ ወደብ ላይ ጥጥ ጭኖ ቀኑን ሙሉ ተራ ሲጠብቅ ዋለ። ፊቱ ላይ ሰዎች የጥጡን እስር አንድ በአንድ ከመኪና ያወርዳሉ፣ አንድ በአንድ መርከብ ላይ ይሰቅላሉ። "ተሳቢው እንዳለ ለምን አይነሳም?" ብሎ አሰበ። መጀመሪያ ያሰበው ከነጎማው መርከብ ላይ ሊያወጣው ነበር፤ ኋላ ጎማው ቦታ ይፈጃል ብሎ ሳጥኑን ብቻ ለመጫን ወሰነ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1956 አይዲያል ኤክስ የምትባል መርከብ 58 ሳጥኖች ይዛ ከኒውአርክ ወደ ሂውስተን ሄደች። አንድ ቶን በእጅ ለመጫን 5.86 ዶላር ይፈጅ የነበረው በሳጥን 16 ሳንቲም ሆነ። ኮንቴይነር ማለት ይኸው ነው፤ ጎማው የወለቀ ተሳቢ። ጉዞው እኮ አልተለወጠም፣ ባሕሩም መርከቡም ያው ነው። የተለወጠው መጫንና ማውረዱ ብቻ ነው።

እኛ ጋ ሞተሩ ይወራል፣ የፈረስ ጉልበቱ ይወራል፣ ጎማው ይወራል። ዕቃው ከመሬት ተነስቶ ወለሉ ላይ እስኪያርፍ ያለችውን አንድ ሜትር የሚያወራ የለም።

ለማንኛውም፣ ትናንት ሦስቱን ለምኜ፣ አንዱን ተቆጥቼ ፓምፑን ወደፊት አስገፋሁት። ያረጀ ጎማ ቆርጠን ከሥሩ አነጠፍን። ሹፌሩ ከጎረቤት ሁለት ማሰሪያ ቀበቶ ተውሶ መጣ፤ ሲመጣም "አንተ ልጅ ፈሪ ነህ" አለኝ። በሰላም ደረሰ። ወገቤ የተያዘው ማታ ላይ ነው።

ይህን እየጻፍኩ ከትናንቶቹ አንዱ ደወለልኝ። ፓምፑ እስካሁን ተሳቢው ላይ ነው። አልወረደም። ሲጫን የተቃወመን ክብደት ሲወርድ ደግሞ ሰው ላይ ይሮጣል፤ ያንን ለማስረዳት አፌን ስከፍት አቋረጠኝና፣

"ጣውላዎቹን አግኝተናቸዋል፣ አታስብ። አንተ ብቻ ቶሎ ና፣ አንድ ሰው ጎድሎናል" አለኝ።