አይጠየፍ ኮምፒውተር

ወሎዬ የመጣን እንግዳ «ለምን መጣህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ግባ እንጂ፣ ቡናው ደርሷል» ይላል። ይህ መልካም ጠባያችን ኮምፒውተር ፊት ስንቀመጥም አልተለየንም። አንድ ሶፍትዌር ሲጫን «ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብሬ ልነሣ?» የምትል ትንሽ ሣጥን አስቀድሞ የራይት ምልክት ተደርጎባት ትቀርባለች፤ እኛም ሳናነብ «ኔክስት»፣ «ኔክስት»፣ «ፊኒሽ» እያልን እናሳልፋታለን፤ እምቢ ማለት ነውር ነዋ። ስለዚህ ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ በየጠረጴዛችን ዳግመኛ ተሠርቷል ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም፤ ልዩነቱ በዚያኛው ግብር የበላ ሰው ሲያበቃ ወደ ቤቱ መሄዱ ነው።

እንግዶቹ የሚሰበሰቡት በስክሪኑ ታችኛው ቀኝ ጥግ፣ ከሰዓቱ አጠገብ ነው። ዊንዶውስ 95 በ1995 እ.ኤ.አ. ታስክባርን፣ ማለትም በስክሪኑ ግርጌ የተዘረጋውን መስመር፣ ይዞ ሲመጣ ይህ ጥግ የተሰጠው ለአጫጭር ምልክቶች ነበር፤ ድምፅ መኖሩን፣ ወረቀት እየታተመ መሆኑን ለመንገር። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ እያንዳንዱ ፕሮግራም የእሱ መኖር ለሕዝብ ሊነገር የሚገባው ጉዳይ መስሎ ታየው። ይባስ ብሎ አንዳንዱ የኤክስ ምልክቷ ስትጫን የወጣ ይመስልና ጥጉ ላይ ይቀመጣል፤ «በሉ እንግዲህ ልሂድ» ብሎ ከተነሣ በኋላ በሩ ላይ ቆሞ ወሬውን እንደ አዲስ የሚጀምረውን ሰው የማያውቅ አለ? በእውነት የሚወጣው አይኮኑን ራይት ክሊክ አድርገው «ኤግዚት» ሲሉት ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ እንግዳ የሚቀልበው ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የተከፈቱ ፕሮግራሞችን የሚይዝበት ጊዜያዊ ማኅደር ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ጽሕፈት ቤት፣ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር ማለዳ ተከፍቶ ለሥራ እስኪደርስ ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ይገፍፋል፤ ባለጉዳዮችም ፍላሻቸውን እንደጨበጡ ይቆማሉ። ጥጉ ላይ እርስ በርስ በጥርጣሬ የሚተያዩ ሁለት አንቲቫይረሶች አሉ፤ ከተሸጠ የቆየ ፕሪንተር አጋዥ አለ፤ ሥራቸው የራሳቸው አዲስ ቅጂ ወጥቶ እንደሆነ መጠየቅ ብቻ የሆነ ሌሎችም አሉ (እንዲህ ያለ ሹመት በመሥሪያ ቤትም አይታጣም)። ባለቤቱ ሐጂ እስከዚያ ቀን ድረስ ያገኙት መፍትሔ አይኮኖቹን እየጎተቱ ከትንሿ ቀስት ኋላ መደበቅ ነበር። እንግዳውን ከመጋረጃ ጀርባ ማስቀመጥ ግን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ ከማዕዱ አያስነሣውም።

የተጠራው ወጣት ቴክኒሻን ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን በአንድነት ተጭኖ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚዘረዝረውን ታስክ ማናጀርን ከፈተና ስታርትአፕ ወደሚለው ገጽ ገባ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ይህ ገጽ እያንዳንዱ ፕሮግራም በኮምፒውተሩ አነሣሥ ላይ የሚያሳድረውን ጫና ከፍተኛ፣ መካከለኛ ወይም ዝቅተኛ እያለ ፊት ለፊት ይናገራል፤ በቤቱ ውስጥ ይሉኝታ የሌለው እሱ ብቻ ነው።

«ሐጂ፣ ይህ የፕሪንተሩ ይጥፋ?»

«ተወው ልጄ፤ ምን በደለን?»

«ማሽኑ እኮ ተሸጧል።»

«እሱ በምን ያውቃል? ይቀመጥ።»

ወጣቱ «ዲሴብል» ማለት ማጥፋት እንዳልሆነ፣ ፕሮግራሙ ሳይጠራ እንዳይነሣ መከልከል ብቻ እንደሆነ ቢያስረዳቸው ሐጂ ፊታቸው በራ። «ሲጠሩት ከመጣማ ነውር የለውም፤ አብሽር፣ በልለት» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሥራው በፍጥነት ሄደ፤ ጥንቃቄ ግን አልቀረም። ከሁለቱ አንቲቫይረሶች አንዱ፣ የድምፁ ሾፌርና የግዕዝ መጻፊያው እንዲቆዩ ተደረገ። አንድ ጎረቤት ጽሕፈት ቤት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጠርጎ ሲያስወጣ የግዕዝ መጻፊያውም አብሮ ወጥቶ ኖሮ፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለው የማመልከቻ ርዕስ በላቲን ፊደል ሊጻፍ ተቃርቦ ነበር። በሰርቪስ ወይም በታስክ ስኬጁለር በኩል፣ ማለትም በጓሮ በር የሚገቡም ስላሉ፣ እነሱን ለሌላ ቀን አቆዩአቸው፤ ራሱን ባደሰ ቁጥር ዲሴብል መባሉን ረስቶ የሚመለስም አይጠፋም።

ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲከፈት ቡናው ሳይቀዳ ለሥራ ደረሰ። ሐጂ ሒሳቡን ሲከፍሉ ወጣቱ ከራሱ ፍላሽ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ገልብጦ ጫነ፤ ችግር ቢፈጠር ኮምቦልቻ ሆኖ በኢንተርኔት ገብቶ የሚረዳባት፣ ኮምፒውተሩ ሲከፈትም አብራ የምትነሣ መሆኗን ነገራቸው። «ትግባ፣ ትግባ!» አሉ ሐጂ። ታስክ ማናጀር ላይ በስሟ ትይዩ የተጻፈው ጫናዋ ገና እንዳልተለካ ነው።