ባይጠቅምም አይጎዳም ያላችሁ ማን ነው?

በ2025 መጀመሪያ ላይ ቴክሳስ ውስጥ ኩፍኝ ሲዛመት የአሜሪካው የጤና ሚኒስትር ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር ያሉትን ታስታውሳላችሁ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያልተከተበች የስድስት ዓመት ልጅ ከሞተች ሳምንት ገደማ ቢሆናት ነው። ሚኒስትሩ ቴሌቪዥን ላይ ወጡ። ሐኪሞች ጥሩ ውጤት አይተውባቸዋል ካሏቸው ነገሮች መካከልም የዓሣ ጉበት ዘይትን ጠሩ። ይህ ዘይት ቫይታሚን ኤ በብዛት አለበት። ብዙ ሳይቆይ ላቦክ ከተማ ያለ የልጆች ሆስፒታል፣ ቫይታሚን ኤ ከልክ በላይ ወስደው የጉበት ምርመራቸው የተዛባ ልጆች እንደመጡለት ተናገረ። ወላጆች ኩፍኝን ይከላከላል፣ ያድናል ብለው ሲሰጡ ቆይተዋል።

ሚኒስትሩ በኋላ ለኩፍኝ ዋናው መከላከያ ክትባቱ እንደሆነ ጽፈዋል። የጻፉት ሁለተኛዋ ልጅ ከሞተች በኋላ ነው።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያበሽቀኝ ግን የእሳቸው ንግግር ብቻ አይደለም። ልጅን በሐኪም መድኃኒት ፋንታ በሌላ ነገር የማከም ጉዳይ በተነሳ ቁጥር አንድ መልስ አለ። «ምን አለበት? ተፈጥሯዊ ነው። ባይጠቅምም አይጎዳም።» የተማረውም ያልተማረውም ይህንኑ ይላል። ከሁሉም ክርክሮች ደካማው ይህ ነው። ከሁሉም በላይ ልጅ የሚፈጀውም ይኸው ነው።

በቫይታሚን ኤ እንጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት ኩፍኝ ለያዘው ልጅ ቫይታሚን ኤ እንዲሰጥ ይመክራል። እውነት ነው፣ አልክድም። ግን አሰጣጡን ተመልከቱ። በቀን አንዴ፣ ለሁለት ቀን ብቻ። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን 50 ሺህ ዩኒት፣ ከ6 እስከ 11 ወር 100 ሺህ፣ ከዓመት በላይ ለሆነው 200 ሺህ። ዓይኑ ላይ የቫይታሚን እጥረት ምልክት ካልታየ በቀር ከዚያ ይቆማል። ለምን ይቆማል? ቫይታሚን ኤ የሚሟሟው በስብ ነው። የተረፈው በሽንት አይወጣም፣ ጉበት ውስጥ ይጠራቀማል። እቤት ተቀምጦ በማንኪያ እየቀዱ በየቀኑ መስጠት ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም። ኩፍኝ እንዳይይዝ ደግሞ ጨርሶ አያደርግም። ያን የሚያደርገው ክትባቱ ነው። ሁለቱን ዙር ለወሰደ ልጅ የመከላከል አቅሙ 97 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ያህል የሚያስተማምን ነገር እያለ ልጅን በዘይት መሞከር ምን የሚሉት ጥንቃቄ ነው?

«አይጎዳም» ከተባሉት ሌሎችም አሉ። ለጥርስ ማብቀያ ተብለው ይሸጡ የነበሩ የሆሚዮፓቲ (እጅግ በቀጠነ ንጥረ ነገር አድናለሁ የሚል አማራጭ ሕክምና) እንክብሎች ውስጥ ቤላዶና የሚባል መርዛማ ተክል ይገባ ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2017 ሲመረምራቸው፣ አንዳንዶቹ ውስጥ ያለው መጠን እላያቸው ላይ ከተጻፈው እጅግ በልጦ ተገኘ። ለሕፃን የሚሰጥ ነገር ነው እንግዲህ! ማርም ተፈጥሯዊ ነው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ቦቱሊዝም የሚባል ጡንቻን የሚያዝል መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ተፈጥሮ የልጅን ኪሎ አይታ አትመጥንም። የሚመጥነው ሰው ነው። ያውም ሚዛን ያለው፣ የመጠነውን የሚጽፍ፣ ሲሳሳት የሚጠየቅ ሰው።

ይህ ሁሉ ግን ትንሹ ጉዳት ነው። ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከምንሰጠው ነገር አይደለም። ከምናባክነው ሰዓት ነው። አንድ ጠብታ መርዝ የሌለበት፣ ጥርት ያለ ውሃ ብትሰጡት እንኳ ልጁ ሊሞት ይችላል። ውሃው ስለገደለው አይደለም። ውሃውን እያጠጣችሁ ስትጠብቁ በሽታው ስላልጠበቃችሁ ነው።

ይህን ነገር ስናገር አልጠግብም። የልጅ በሽታ ሰዓት አለው። አዋቂ ሰው ሲያመው ሳምንት ያንገላታዋል፣ ራሱ «እዚህ ጋ ነው» ይላል፣ ሲብስበት ተነስቶ ይሄዳል። ሕፃን ይህን ሁሉ አይችልም። ሰውነቱ ትንሽ ነው፣ የሚቋጥረው ውሃም ጥቂት ነው። ተቅማጥና ትውከት ከተደራረቡበት ጠዋት ሲጫወት የነበረ ልጅ ማታ ዓይኑ ሊሰረጉድ ይችላል። ስለዚህ «እስቲ ሁለት ሦስት ቀን እንሞክረው» የሚለው ንግግር ለአዋቂ ሁለት ሦስት ቀን ነው። ለልጅ አንዳንዴ ያለው ጊዜ በሙሉ እሱ ነው።

ማጅራት ገትርን ውሰዱ። ሲጀምር ጉንፋን ይመስላል። ትኩሳት፣ መነጫነጭ፣ ትውከት። ቀጥሎ ልጁ ይፈዛል፣ አንገቱ ይገተራል። በባክቴሪያ የሚመጣው ዓይነት በ24 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሜኒንጎኮካል የሚባለው ካልታከመ ከያዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን ይጨርሳል። ከተረፉትም መስማት የሚያጡ፣ አእምሯቸው የሚጎዳ አሉ። በጊዜ የተወጋ አንቲባዮቲክ ግን ብዙውን ያድናል። ልዩነቱ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው።

በ2012 ካናዳ አልበርታ ውስጥ የ19 ወር ሕፃን በዚሁ በሽታ ሞተ። ወላጆቹ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ፈረስ ፍጅል ሲሰጡት ነበር። ነርስ የሆነች ወዳጃቸው ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል ብላቸዋለች። ልጁ ሰውነቱ ደርቆ የመኪና ወንበር ላይ መቀመጥ ስላልቻለ ፍራሽ ላይ አስተኝተው ነው የወሰዱት። የት? የተፈጥሮ ሕክምና ክሊኒክ። ለበሽታ መከላከያ የሚሉትን የዕፅ ጠብታ ለመግዛት። ወላጆቹ ሌላ በሽታ መስሏቸው እንደነበር ተናግረዋል። ፍርዱ ለዓመታት ሲገለባበጥ ቆይቶ በመጨረሻ ክሱ ተቋርጧል። እኔ ስለ ፍርዱ አይደለም የማወራው። መንገድ ላይ ሆነው መሪውን ወደ ሌላ ቦታ ማዞር ይችሉ ስለነበሩት ሰዓታት ነው።

የጆሮ ሕመምስ? የጆሮ ሕመም ሰው ይገድላል ብትሉት ማን ያምናል? በ2017 ጣሊያን ውስጥ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ሞተ። ጆሮውን ሲያመው በሆሚዮፓቲ ይታከም ነበር። አንቲባዮቲክ አልተሰጠውም። ኢንፌክሽኑ ወደ አንጎሉ ገባ። ሆስፒታል ሲደርስ ራሱን ስቶ ነበር። ልብ በሉ፣ የሆሚዮፓቲ መድኃኒት ብዙ ጊዜ እጅግ ከመቅጠኑ የተነሳ መጀመሪያ የገባው ንጥረ ነገር አንዲት ቅንጣት እንኳ ላይቀርበት ይችላል። «አይጎዳም» ለሚለው ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ምንም የሌለበት ነገር ነው። ልጁ ግን የለም።

ስኳር በሽታን ደግሞ ተመልከቱ። ዓይነት አንድ የሚባለው የያዘው ልጅ ኢንሱሊን ካላገኘ ይሞታል። «ሊሞት ይችላል» አይደለም የምለው። ከ1922 በፊት ሐኪሞች ራሳቸው ልጆቹን አስርበው ጥቂት ወራት ከማቆየት በቀር የሚያደርጉት አልነበራቸውም። በዚያ ዓመት ጥር ወር ቶሮንቶ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ተወጋ። ከዚያ ወዲህ ይህ በሽታ ያለበት ልጅ አድጎ፣ ተምሮ፣ ወልዶ የሚኖር ሆነ። ይህን የሚያክል ነገር በእጃችን እያለ በ2015 ሲድኒ ውስጥ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ኢንሱሊኑ ቆሞበት ሞተ። ሰውነትን በመምታት በሽታ ይወጣል የሚል «ፈዋሽ» ወዳዘጋጀው ስብሰባ ነበር የተወሰደው። ሰውየው በኋላ ጥፋተኛ ተብሏል። መቶ ዓመት ገደማ የሠራ መድኃኒት በጥፊ ተተካ!

ካንሰርን አልፌው ነበር። አንድ ነገር ግን ልበል። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ሊድን የሚችል ካንሰር ይዟቸው ሕክምናውን ትተው አማራጭ የሚባለውን ሕክምና ብቻ የመረጡ ሰዎች የመሞት ዕድላቸው ከታከሙት ሁለት ተኩል እጥፍ ነበር። ጥናቱ በአዋቂዎች ላይ ነው። የልጅ የደም ካንሰር ግን ከብዙዎቹ የአዋቂ ካንሰሮች ይፈጥናል። በልጆች ላይ ከዚህ ይሻላል ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ማስረጃውን ያምጣ። በልጆች ዘንድ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር በተሟላ ሕክምና ከአሥር ልጆች ዘጠኙ ገደማ የሚተርፉበት በሽታ ነው። ከሰባና ሰማንያ ዓመት በፊት የሚተርፍ አልነበረም ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ «መድኃኒት ኬሚካል ነው፣ ቅጠል ግን ከተፈጥሮ ነው» የሚሉትን አንድ ነገር ልጠይቃቸው። ለእነዚሁ ልጆች ከሚሰጡት ዋና ዋና መድኃኒቶች አንዱ ቪንክሪስቲን ነው። ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከአበባ። መነሻው የማዳጋስካር ተክል ነው። ለወባ የሚሰጠው አርቴሚሲኒንም ከተክል ነው የተገኘው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ለዚያ ሥራዋ በ2015 የኖቤል ሽልማት ወስዳለች። ሳይንስ ቅጠል አይንቅም። ቅጠሉን ወስዶ የሚሠራውን ከማይሠራው ይለያል፣ ይመዝናል፣ ስንት ሲሆን እንደሚያድንና ስንት ሲሆን እንደሚገድል ይፈትናል። ቪንክሪስቲን የሚሰጠው በሚሊግራም ነው። ያንኑ አበባ ቀቅሎ ለልጅ ማጠጣት መርዝ ማጠጣት ነው።

«እኔ ልጄን በዚያ አድኛታለሁ» የሚለውንም እሰማለሁ። አብዛኛው የልጆች ሕመም በራሱ ይለቃል። ጉንፋን ይለቃል፣ በቫይረስ የሚመጣ ተቅማጥ ውሃ ካልጎደለ ይለቃል። ያኔ እጃችን ላይ የነበረው ነገር ሁሉ መድኃኒት ተብሎ ይመሰገናል። የዳኑት ይመሰክራሉ። ልጃቸውን የቀበሩት ካሜራ ፊት ቆመው ምስክርነት አይሰጡም። ስለዚህ የምንሰማው ከአንድ ወገን ብቻ ነው።

ሐኪም ያመናጭቃል፣ ሳይሰማ ይጽፋል፣ ይሳሳታል። አውቃለሁ፣ እኔም ተናድጄ ወጥቼ አውቃለሁ። መልሱ ሌላ ሐኪም ነው። የሆስፒታል ስህተት ካርድ አለው፣ ቀን አለው፣ የፈረመበት ሰው አለው። «ፈዋሹ» ጋ የሞተ ልጅ ፋይሉ የት ነው?

«የወላጅ መብት ነው» ለሚሉትም መልሴ አጭር ነው። ለራስህ ሰውነት የፈለግከውን ምረጥ። ልጁ ግን አልመረጠም። መናገር እንኳ የማይችለውን ሰው ሕይወት አሳልፎ የመስጠት መብት ለማንም አልተሰጠም።

ወላጆችን አልጠላም። ልጁ እያቃሰተ የሚያድር ሰው የተዘረጋለትን ሁሉ ይይዛል። ቁጣዬ ያንን የሚዘረጉት ላይ ነው። በቫይረስ ይተላለፋል የተባለውን ሁሉ በጠብታ አጠፋለሁ ብለው ቪዲዮ የሚለቁት፣ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን እንደ በረኪና የሚያነጣ ኬሚካል «ለኦቲዝም» ብለው ለልጆች የሸጡት፣ ወንበር ይዘው እንደ ዘበት የሚናገሩት ላይ።

ከእነሱ የሚጠበቀው ትንሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች በየጤና ጣቢያው የሚያስተምራቸው አራት የአደጋ ምልክቶች አሉ። ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት አቃተው? የወሰደውን ሁሉ ያስመልሳል? አንቀጠቀጠው? ፈዝዟል ወይም አልነቃ አለ? ከእነዚህ አንዱ ካለ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና ነው፣ ሌት ቢሆንም። ከልጅ ሕመም ገንዘብ የሚቀበል ሰው ሁሉ እነዚህን አራት ጥያቄዎች መጠየቅ ግዴታው ይሁን። አንዱን አይቶ ልጁን ወደ ሆስፒታል ያልላከ ደግሞ በሕግ ይጠየቅ። ምስክር ወረቀቱ፣ ተከታዮቹና ሥልጣኑ አያድኑት።