ሆዷን እጠብላት

እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ጥር ላይ መኪና ሁሉ አንድ ቀለም ነው። ጥቁሩም፣ ቀዩም፣ ሰማያዊውም አመድ የተነፋበት ይመስላል። ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ የሰው መኪና እጀታ እየጎተትኩ ቁልፌን ደጋግሜ ስጫን ቆየሁ። ባለቤቱ መጥቶ «ወንድሜ፣ ያንተዋ ወዲያ ያለችው ናት መሰለኝ፤ መብራቷ ብልጭ ብልጭ እያለ ነው» አለኝ። የኔ ግራጫ ናት፤ የሱ ጥቁር ናት አሉ። ማን ሊለይ?

እናቶች ሲወርዱ ማየት ነው። ነጭ ቀሚሳቸውን በሁለት እጃቸው ሰብስበው፣ በሩን ሳይነኩ፣ ልክ ጅረት እንደሚሻገር ሰው ተንጠራርተው ይወርዳሉ። ያም ሆኖ ጥለቱ ላይ አንድ ግራጫ መስመር ይዘው ይገባሉ።

አቧራ አይደለም፣ ጨው ነው። በረዶ ሊጥል ነው ሲባል የከተማው መኪኖች ይወጡና አስፋልቱን ጨው ያለብሱታል። ጨው የገባበት ውሃ ዜሮ ላይ አይረጋም። ብርዱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ግን ተራው ጨው አቅም ያጣል። ያኔ ካልሲየም ክሎራይድ ወይም ማግኒዥየም ክሎራይድ የሚባሉትን ይጨምሩበታል። እነዚህ ደግሞ እርጥበት እየሳቡ ብረት ላይ ሙጭጭ ይላሉ።

እኛ አገር ጨው ከአፋር በረሃ በግመል ተጭኖ ነበር ወደ ደጋ የሚወጣው። አሞሌው ገንዘብ ነበር፣ ይገዙበት ይሸጡበት ነበር። እዚህ በከባድ መኪና ጭነው መንገድ ላይ ይደፉታል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይባል የለ? የዚህ አገሩ ጨው ጣፈጠም አልጣፈጠም መጣሉ አልቀረለትም። አያቴ ብታይ አማትባ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር።

አዲስ አበባ እያለሁ መኪና ማጠብ ማለት ፊት ማጠብ ነበር። አጎቴ የ1986 ሞዴል ዲኤክስ ቶዮታ አለው። ቅዳሜ ጠዋት ሰፈር ያለው ላቫጆ ይወስዳታል። ልጆቹ ተደራጅተው የሚሠሩ ናቸው። ውሃ ካለ በጎማ፣ ከሌለ በጄሪካን። ኦሞ በባልዲ ይበጠበጣል፣ አረፋው ኮፈኑ ላይ ይከመራል። ቸርኬው ይፈተጋል፣ ጎማው ጥቁር ይቀባል። አጎቴ ማኪያቶውን ይዞ ቆሞ «እሷን ጋ አልደረስክም» እያለ በጣቱ ይጠቁማል። ከዚያ ስፖኪዮው ላይ የራሱን ፊት አይቶ ከፍሎ ይሄዳል። ሐምሌ ላይ ከሆነ አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ዝናቡ ያገኘዋል። በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። ጭቃ የለበሰ መኪና ይዞ መሥሪያ ቤት ከገባ «ደግሞ ከየትኛው ገጠር መጣህ?» ይሉታላ።

እኔም ይህንኑ አመል ይዤ ነው ሚኒሶታ የገባሁት።

የመጀመሪያው ዓመት ክርስትና ተጠርቼ ነበር። ብርዱ ከዜሮ በታች 18። ሱፌን ለብሼ፣ መኪናዬን አየኋትና አፈርኩ። ቀጥታ ወደ ማጠቢያው። ሰው የለም፣ ወረፋ የለም። ለምን ወረፋ እንደሌለ መጠየቅ ነበረብኝ። አብረቅርቃ ወጣች። ሱቅ ጎራ ብዬ ኬክ ይዤ ስመለስ አራቱም በር አልከፈትም አለ። የበሩ ጎሚኒ ላይ የቀረው ውሃ ረግቶ በሩን ከመኪናው ጋር ሰፍቶታል። እጀታውን በጉልበት ብጎትት እንደሚሰበር አንድ አላፊ አግዳሚ ነገረኝ። የኋላው ፖርታባጋጅ ብቻ ተከፈተ። በሱፍና በከረባት፣ በእምብርክክ፣ ኬኩን እያስቀደምኩ ወንበር ላይ ተንፏቅቄ ገባሁ። አንዲት ሕፃን ከእናቷ ጋር ቆማ በጣም በጥሞና ትከታተለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን መስታወት ማጠቢያው ውስጥ ተራ ውሃ ጨመርኩ። አገር ቤት የምናደርገውን ማለት ነው። ውሃው ረጋ፣ ፕላስቲኩ ተሰነጠቀ። እዚህ የሚሞላው በጋሎን የሚሸጥ ሰማያዊ ፈሳሽ ነው። እስከ ስንት ዲግሪ እንደማይረጋ መያዣው ላይ ተጽፏል። ያለሱ አውራ ጎዳና መውጣት አይቻልም፤ ከፊት ያለው ከባድ መኪና የሚረጭብህ የጨው ውሃ በአንዴ መስታወትህን ነጭ መጋረጃ ያደርገዋል። ሌላው ደግሞ፣ በዲቪ የመጣ ሰው እባካችሁ ማንቆርቆሪያ ይዞ ሲወጣ ካያችሁ አስቁሙት። የፈላ ውሃ የቀዘቀዘ መስታወት ላይ ሲደፋ ምን እንደሚሆን ጎረቤቴ ላይ አይቻለሁ።

ነገሩ የገባኝ ጋሼ በምንላቸው አንድ የታክሲ ሹፌር ነው። ሃያ ዓመት አውሮፕላን ማረፊያ ሠርተዋል። የፖርታባጋጁን ታሪክ ሳወራቸው ሳቁና ወደ አሮጌ መኪናቸው ወሰዱኝ። በረዶው ላይ ካርቶን አነጠፉ። ተንበርክከው የስልክ መብራት ወደ ሥር አበሩ። ከላይ ሲያዩዋት ደህና መኪና ናት። ከሥሯ ግን ብረቱ እንደ ደረቀ እንጀራ ጫፍ ጫፉ ተገሽልጦ ቡናማ ሆኗል። ጋሼ ካቻቢቴ አውጥተው ገፋ አደረጉት። ሳይታገል ገባ። ብረት አልነበረም፣ የብረት ቅርፊት ነበር።

«አየህ ልጄ» አሉ። «የፍሬን ቱቦው የሚያልፈው እዚህ ጋ ነው። እኛ ፊቷን እናጥባለን፣ ጨው ግን ከሥር ነው የሚበላት። ፊቷን ተወው። ሆዷን እጠብላት።»

ከዚያ ደንቡን ነገሩኝ። ብርዱ ወደ ዜሮ እስኪጠጋ ጠብቅ። ከሥር ወደ ላይ የሚረጨውን ማጠቢያ ምረጥ፣ ትንሽ ብር ቢያስጨምርም። እንደወጣህ አራቱንም በር ክፈት፣ ጎሚኒውን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፣ የቤንዚኑን ክዳን አትርሳ። በሮቹን ደግሞ ከፈት ዘጋ አድርጋቸው። ፓራፋንጎው ሥር የሚንጠለጠለውን ጥቁር በረዶ በጫማህ ምታው። ይህ የመጨረሻው፣ እውነቱን ለመናገር፣ የክረምቱ ብቸኛ ደስታ ነው። ግም ብሎ ሲወድቅ የሆነ ዕዳ የከፈሉ ያህል ቀለል ይላል።

ያኔ ስለ አጎቴ ዲኤክስ አሰብኩ። ላሜራዋ ስንቴ ተቀጥቅጦ ስቱኮ እንደተለጠፈበት እሱም አያውቅም። ግን ወለሏ ደህና ነው። እዚህ የእሷን ግማሽ ዕድሜ ያልደረሰች መኪና ወለሏ ተበስቶ ለቁራጭ ብረት ትሸጣለች። አጎቴ ይህን ስነግረው «ጥሩ ስለማጥባት ነዋ!» አለ፣ ኩራት በኩራት ሆኖ። የሱ መኪና የኖረችው ግን በኦሞ አይደለም። አዲስ አበባ መንገድ ላይ ጨው የሚበትን ስለሌለ ነው። አልነገርኩትም። ቅዳሜውን ለምን አበላሽበታለሁ?

በአንድ ነገር ግን እንመሳሰላለን። አዲስ አበባ ወንዝ ዳር የሚታጠብ መኪና ሳሙናውም ዘይቱም ወንዝ ይገባል። ይህን ስናወራ ፈረንጅ እንዲህ አያደርግም እንላለን። ያ ሁሉ ጨው ታዲያ የት የሚሄድ ይመስላችኋል? በረዶው ሲቀልጥ ሐይቅ ይገባል። ሰሌዳዋ ላይ «10,000 ሐይቆች» ብላ የምትጽፍ ስቴት ናት እንግዲህ። የስቴቱ የብክለት መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት እንደሚለው አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 19 ሊትር ያህል ውሃ ይበክላል። አንዴ ከገባ ደግሞ መልሶ ማውጣት የሚሞከር አይደለም።

ጨርሶ የማይታጠብበት ቀንም አለ። ጥር 22 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የአስተርዮ ማርያም ማግስት፣ ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ገባች። ያን ቀን ስለ መኪና ንጽሕና ያነሳ ሰው አላስታውስም። ከተነሳች እልል ነው።

ዘንድሮ ደግሞ ጓደኛዬ አዲስ መኪና ገዛ። አዲስ ማለት ለእሱ አዲስ ናት። የጥምቀት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ይዟት መጣና «አባ፣ ይባርኩልኝ» አለ። አባም ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ። ጠበሉ ኮፈኑ ላይ እንዳረፈ ቁልቁል ሳይወርድ ረጋ። ጠብታ ጠብታ ሆኖ እንደ ዶቃ ተለጠፈ። ከኋላ የቆመ አንድ ጎረምሳ የበረዶ መፋቂያ አቀበለው።

«ጠበል ይፋቃል እንዴ?» ብሎ ጓደኛዬ ተቆጣው።

ሳምንቱን ሙሉ ዜሮን ሳናያት ከረምን። ቅዳሜ ከዜሮ በታች 4 ሆኖ ፀሐይ ወጣች፤ ለኛ ሙቀት ነው። የማጠቢያው ወረፋ እስከ ዋናው መንገድ ተሰልፏል። እኔም ገብቼ ቆሜ ስልኬ ጮኸ። ጓደኛዬ ነው።

«ስማ፣ ሆዷን ብቻ የሚያጥብ ቦታ ታውቃለህ?»

«ኮፈኗስ?»

«ኮፈኗን ተዋት። በራሱ ጊዜ ይሟሟ።»