ሲነሳ አይነካም

የእህቴ ልጅ ባለፈው እዚህ ጎንደር ፒያሳ ጌም ቤት ወሰደኝ። ስትሪት ፋይተር የሚባል የድብድብ ጨዋታ ገጠምን። እሱ ሪዩ የሚባለውን ተደባዳቢ ያዘ። እንደ ምንም ጣልኩትና፣ ሲነሳ ጠብቄ በቡጢ ስለው እጄ እንደ ጢስ በመሃሉ አለፈ።

«ተበላሽቷል እንዴ?»

«አይ ጋሼ፣ ሲነሳ አይነካም» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

ጨዋታው በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ሥዕል፣ ይሄዳል። ከእነዚያ በጥቂቶቹ ሰውዬው ለዓይን አለ፣ ለዱላ የለም። ሪዩ ሾርዩከን ብሎ በቡጢ ወደ ላይ ሲፈነጠርም መጀመሪያው ላይ እንደዚያው ነው። (ቴከን የሚባለው ሌላው የድብድብ ጨዋታ ላይ ግን መሬት የተዘረረውም ይመታል። ያ ጨዋታ ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረበትም።)

እኔ አልገረመኝም። 3,000 ብር የተበደረኝ ወዳጅ አለኝ። ሁለት ፋሲካ አልፏል። ቅዳሜ ገበያ አገኘሁት፤ «ስማ» ስለው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ስልኩ አልበራም። ሌላ ቀን ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። የለቅሶ ሰው ገንዘብ ይጠየቃል? «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብዬ አለፍኩ። ማን እንደሞተ እስከዛሬ አላወቅሁም። በጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ዳር ፊት ለፊት ገጠመኝ፤ ታቦት ቆሟል። ምን ልበል?

ለነገሩ ነገሩ በጎንደር አዲስ አይደለም። በነገሥታቱ ዘመን ንጉሥ የተቆጣው ሰው እንኳ እጨጌ ቤት፣ የመነኮሳቱ አለቃ ሰፈር፣ ገብቶ ከተማጸነ አይነካም ነበር። የጨዋታው ሠሪ ካፕኮም ስትሪት ፋይተር 2ን ያወጣው በፈረንጅ 1991 ነው። ማን ከማን እንደኮረጀ እናንተ ፍረዱ።

«እና መድኃኒቱ ምንድን ነው?» አልኩት ልጁን።

«ሾርዩከን ከሳተ ሲወርድ ባዶ ነው ጋሼ። አትቸኩል። ተከላከልና ጠብቀው።»

ጠበቅሁ። ትናንት ፖስታ ቤቱ ጋ ሲያየኝ ስልኩን አነሳ። አልተንቀሳቀስኩም። «እሺ፣ እሺ» ይላል ለማንም። ሊስትሮው ሁለቱንም ጫማዬን ጠርጎ ጨረሰ። ክንዱ ዛለ መሰል፣ ስልኩን አወረደ። አሁን! አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

«ውይ ወንድሜ፣ አንተን ፍለጋ ስንከራተት! ልጃችን እሁድ አርባ ቀኑ ነው። ክርስትና የምታነሳው አንተ ነህ፤ ከእናቱ ጋር ጨርሰናል።»

አበልጅ ሆንን ማለት ነው። አሁን ለሕፃኑ ልብስ ልገዛ ቅዳሜ ገበያ እየወረድኩ ነው።