እድሜ ለአውራ ጣታችን!

ዓይን ሲቀላ፣ አንገት ሲጎብጥ፣ አውራ ጣት ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓትም ስክሪኑን ሽቅብ መግፋቱን አላቆመም። «አንዲት ቪዲዮ ብቻ ልይና ልተኛ» ብሎ የተጋደመ ሕዝብ እንዲህ ሲተጋ ማየት ያኮራል። ያውም ያለ ደሞዝ፣ ያውም በራሱ ዳታ!

ልፋቱም ሜዳ ላይ አይቀርም። ላይክ ማድረግ እንኳ አይጠበቅብንም፤ አንዱ ቪዲዮ ላይ ስንት ሰከንድ እንደቆየን፣ ደግመን እንዳየነው፣ ፈጥነን እንዳለፍነው ቀጥሎ የምናየውን እየመረጠ ለሚደረድርልን ፊድ ይበቃዋል። የሁለት ሰዎች ስድድብ ላይ «ወይ ጉድ፣ ትንሽ አያፍሩም?» እያልን እስከ መጨረሻው ከቆየን፣ የተቆጠረው ቆይታችን እንጂ እፍረታችን አይደለም። ነገ ሌላ ስድብ ይጨመርልናል። እንዲህ ያለ አስተናጋጅ ከየት ይገኛል?

ምቀኛ ግን አይጠፋም። የአሜሪካዋ ኒውዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ሕግ፣ ያለ ወላጅ ፈቃድ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዲህ ያለ ፊድ እንዳይቀርብ፣ ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም የፊዱ ኖቲፊኬሽን እንዳይላክ ከለከለች። ልጆቹ ተኝተው ይደሩ ማለቷ ነው፤ ጭካኔ! የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ግዙፎቹ ኩባንያዎች የተጠቃሚውን ባህሪ የማይከተል ፊድም በአማራጭ እንዲያቀርቡ አስገደደ፤ ሕጉን የጣሰ እስከ ዓመታዊ ገቢው 6 በመቶ ሊቀጣ ይችላል። ደግነቱ አማራጩን ፈልጎ ማብራት የተጠቃሚው ሥራ ነው። ማን ሴቲንግ ሲቆፍር ያድራል? የሚያሰጋው «ነገሩ ይገለበጥ፤ ባህሪያችንን የሚከተለው ፊድ ከመነሻው ጠፍቶ ይምጣ፣ የፈለገ ያብራው» የሚሉት ወገኖች ናቸው። እነዚህ ሥራውን ያውቁታል ማለት ነው።

ጨዋ ቁጥጥር እንደ ቲክቶክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ከ13 እስከ 17 ዓመት ላሉት የ60 ደቂቃ ገደብ አበጀ፤ ሰዓቱ ሲሞላ ልጁ የይለፍ ቁጥር አስገብቶ ይቀጥላል። ቁጥሩን የሚያውቀው ማን ነው? ልጁ!

እኛም ጋ ስጋት የለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 የጥላቻ ንግግር ያሰራጨውን ይቀጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለውም ቅጣቱ ይከብዳል። ያንኑ ንግግር መርጦ፣ ተከታዩ ላልሆነ ሰው ሁሉ ያደረሰውን ፊድ ግን ቅጣት ሳይጥልበት በክብር አልፎታል።

አደራ፣ ዩቲዩብ ላይ የዕይታ ታሪክን አጥፍታችሁ የቆየውንም እንዳትሰርዙ። የመነሻ ገጹ ባዶ ይሆናል። ያኔ ማየት የፈለጋችሁትን ራሳችሁ አስባችሁ መጻፍ ሊኖርባችሁ ነው።