ለመታወቂያ ብዬ የተነሳሁት ፎቶ

ትናንት ማታ ለገሃር የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ከማላውቀው ሰው በቴሌግራም መልእክት ገባልኝ። የላከልኝ የራሴን ፎቶ ነው፤ በምዝገባ ቀን ሬጅስትራር ቢሮ ግድግዳ አስደግፈው ያነሱኝን! «ሦስተኛ ዓመት ነሽ አይደል?» ይላል ከሥሩ። እጄ ተንቀጠቀጠ።

ለካ የዩኒቨርሲቲያችን የተማሪዎች ማውጫ ለማንም ክፍት ነው። ስሜ እስከ አያቴ፣ ትምህርት ክፍሌ፣ የመታወቂያ ቁጥሬ፣ ስልኬ፣ ከጎኑ ፊቴ። ያለ ምንም ይለፍ ቃል! እኔ ፎቶውን የሰጠሁት ለበር ጥበቃና ለፈተና አዳራሽ ነው እንጂ ለአገር ሁሉ አይደለም። ማን ጠየቀኝ? የት ፈረምኩ?

ጠዋት ቢሮ ሄድኩ። «ሲስተሙ ራሱ ነው የሚያወጣው» አሉኝ። ሲስተሙን ያዘዘው ሰው አይደለም እንዴ? ሲጀመር ተማሪው ራሱ ካልፈቀደ ፎቶውም ስልኩም ተዘግቶ መቆየት ነበረበት። መምህራን ተማሪዎቻቸውን በመልክ መለየት ከፈለጉ በራሳቸው አካውንት ገብተው ይዩ፤ እሱን ማንም አልተቃወመም።

በጣም የሚያንገበግበኝ ሕግ እያለ መሆኑ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ መረጃ ከዚያ ጋር ለማይጣጣም ነገር እንዳይውል ይከለክላል። መታወቂያ ሌላ፣ አደባባይ ሌላ!

«ማመልከቻ ጻፊ» ተባልኩ። ጻፍኩ፣ ማኅተም አስመታሁ፣ አስገባሁ። አሁን ማታ ከፍቼ አየሁት፤ ፊቴ እዚያው ነው።