ማስተካከያ፦ «አይፒኤክስ 8» (ውኃ የመቋቋም ደረጃ) የተጻፈበት የእጅ ባትሪና ውኃ

ባለፈው «አይፒኤክስ 8 ያለው የእጅ ባትሪ ሐይቅ ውስጥ ቢወድቅም ምንም አይሆንም» ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ አምናችሁኝ የነከራችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። አይፒኤክስ 7 ማለት 1 ሜትር ጥልቀት ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው፤ የ8ን ጥልቀትና ሰዓት ግን የሚወስነው አምራቹ ስለሆነ አብሮት የመጣውን ወረቀት አንብቡ። ፈተናውም የሚደረገው በአዲስ የእጅ ባትሪ ነው።

የኔው በደሴ የክረምት ዝናብ አንድ ማታ አብሮኝ አመሸና መስታወቱ ከውስጥ ላብ አወጣ። የኋላ ክዳኑን ስፈታው ውኃ እንዳይገባ የሚከለክለው ጥቁሩ የላስቲክ ቀለበት ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ጥርሱ ላይ አሸዋ ተጣብቋል። ደግሞ በሙሉ ብርሃን በርቶ የጋለ ባትሪ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና እርጥበቱን ወደ ውስጥ ይስባል።

ቀለበቱን «ቫዝሊን ቀቡት» ያልኩትንም ተዉት፤ አንዳንዱን ላስቲክ ያሳብጠዋል።